«ማውራት አቆሙ» ወይስ «ለማውራት ቆሙ»? የእንግሊዝኛ ግስን ከኢንግ እና ከኢች አዘር ጋር ማጋጠሚያ መመሪያ

«ከዚህ ግስ በኋላ ኢንግ ነው ወይስ ቱ? ኢች አዘርስ የት ነው የሚገባው?» እንግሊዝኛ የማስተምራቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ኢንግ በግስ መጨረሻ ላይ የሚለጠፈው ነው፤ ቱ ከግስ በፊት የምትቆመው ናት፤ ኢች አዘር ደግሞ «እርስ በርስ» ማለት ነው። ለእያንዳንዱ በቁርጥራጭ ከምመልስ አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

አንድ ተማሪዬ ከጓደኛው ጋር ተኳርፎ ሰነበተና ነገሩን ለሌላ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ዊ ስቶፕድ ቱ ቶክ ቱ ኢች አዘር» አለ። «ተኮራረፍን» ማለቱ ነበር። የጻፈው ግን «ቆም ብለን ተጨዋወትን» ሆኖ አረፈው። ተቀባዩም «ደስ ይላል፣ እንኳን ታረቃችሁ» ብሎ መለሰለት። ትክክለኛው «ዊ ስቶፕድ ቶኪንግ ቱ ኢች አዘር» ነበር።

የእኛ ችግር «ተኮራረፍን» አንድ ቃል መሆኑ ነው። ማን እንዳደረገው፣ ምን እንደተደረገ፣ እርስ በርስ መሆኑም እዚያው ውስጥ ተጠቅልሏል። እንግሊዝኛው ያንኑ አምስት ስድስት ቦታ ላይ በትኖ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ሥራው መፍታት ነው።

በነገራችን ላይ፣ እንግሊዝኛዎቹን ሁሉ እንደ ድምፃቸው በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ደብተራችሁ ላይ ስትገለብጡ በእንግሊዝኛ ሆሄያት ጻፏቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ። አንዱ ቀለም ለኢንግ፣ ሌላው ለቱ። ዓይን የሚያስታውሰውን ያህል ሕግ አያስታውስም።
- ለተማሪዎች የተዘጋጀ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሆነ መዝገበ ቃላት፤ ስልክ ላይ ያለውም ይበቃል። ወደ አማርኛ ብቻ የሚተረጉመው ፍቺ ይሰጣችኋል እንጂ ግሱ ከኋላው ምን እንደሚያስከትል አይነግራችሁም።
- ራሳችሁ የምትጽፏቸው 10 የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች፤ እንደ ተዋወቁ፣ ተረዳዱ፣ ተያዩ፣ ተነጋገሩ ያሉ ቃላት ያሉባቸው። ከኑሯችሁ ውሰዷቸው። የሌላ ሰው ምሳሌ ሲያነቡት ይገባል፣ ሊናገሩ ሲሉ ይጠፋል።

ደረጃ 1፦ የአማርኛውን ቃል ፍቱት

«መረዳዳት ያስደስታቸዋል» የሚለውን እንውሰድ። ሦስት ነገር ጠይቁ። ዋናው ግስ የቱ ነው? «ያስደስታቸዋል»፣ ማለትም ኢንጆይ። ሁለተኛው ድርጊት ምንድን ነው? «መርዳት»፣ ማለትም ሄልፕ። እርስ በርስነት አለበት? አዎ፣ «መርዳት» ወደ «መረዳዳት» የተለወጠው ለዚያ ነው፤ እሱ ኢች አዘር ይሆናል። ስንገጣጥመው «ዘይ ኢንጆይ ሄልፒንግ ኢች አዘር»።

ይህ ደረጃ ለምን? ሳትፈቱ ከተረጎማችሁ ሁልጊዜ የምትወድቀው ሦስተኛዋ ናት። አማርኛው እርስ በርስነትን በግሱ ውስጥ ስለሚሸከም፣ በእንግሊዝኛ የተለየ ቃል እንደሚያስፈልግ አይታወሰንም። «ይተዋወቃሉ» ለማለት «ዘይ ኖው» ብሎ ማቆም የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰሚው «ምኑን ነው የሚያውቁት?» ብሎ ይጠብቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ በ«ተ» የሚጀምር ግስ ሁሉ ተደራራጊ (እርስ በርስ መደረግን የሚያሳይ) አይደለም። ተሳሳቱ፣ ተቀመጡ፣ ተጠነቀቁ የሚሉት ኢች አዘር አይፈልጉም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከፊቱ «እርስ በርስ» ጨምሩበት። «እርስ በርስ ተረዳዱ» ያስኬዳል፤ «እርስ በርስ ተቀመጡ» አያስኬድም።

ደረጃ 2፦ ዋናው ግስ የሚፈልገውን ለዩ

«መነጋገር ያስደስተናል» እንላለን፤ «መነጋገር እንፈልጋለን» እንላለን። «መነጋገር» አልተለወጠም። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል፦ «ዊ ኢንጆይ ቶኪንግ»፣ «ዊ ዋንት ቱ ቶክ»። ምርጫው የእናንተ አይደለም፣ የፊተኛው ግስ ነው። ለዚህ ነው ግስ ሲጠና ብቻውን የማይጠናው። ደብተራችሁ ላይ «ኢንጆይ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ኢንጆይ ቶኪንግ» ብላችሁ በኢንግ ቀለም ጻፉ።

ኢንግ ብቻ የሚቀበሉ፦ ኢንጆይ፣ አቮይድ፣ ፊኒሽ፣ ኪፕ፣ ማይንድ፣ ሚስ (ሲናፍቁ)፣ ፕራክቲስ፣ ሰጀስት፣ ዲናይ፣ አድሚት፣ ሪስክ፣ ጊቭ አፕ፣ ፑት ኦፍ።

ቱ ብቻ የሚቀበሉ፦ ዋንት፣ ሆፕ፣ ዲሳይድ፣ ፕላን፣ ፕሮሚስ፣ አግሪ፣ ሪፊዩዝ፣ ኦፈር፣ ማኔጅ።

ሁለቱንም ያለ ብዙ ልዩነት የሚቀበሉ፦ ስታርት፣ ቢጊን፣ ኮንቲኒው፣ ላይክ፣ ላቭ፣ ሄት። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። ከ«ውድ ላይክ» በኋላ ሁልጊዜ ቱ ነው። ዋናው ግስ ራሱ ኢንግ ከያዘ ደግሞ ሁለተኛውን በቱ አድርጉት፤ «ኢት ኢዝ ስታርቲንግ ቱ ሬይን» ይባላል፣ ኢንግ በኢንግ ላይ ሲደረብ ጆሮ ይቆረቁራል።

«ቱ ወደፊት ለሚሆነው፣ ኢንግ ለተደረገው ወይም እየሆነ ላለው» የሚል ዘዴ ሰምታችሁ ይሆናል። መነሻ ይሆናል፤ አትተማመኑበት። አቮይድ፣ ሰጀስት እና ፑት ኦፍ ስለወደፊት እያወሩ ኢንግ ይዘው ቁጭ ብለዋል። ከዘዴው ይልቅ ቀለሙን እመኑ።

ደረጃ 3፦ ትርጉም የሚለውጡትን ለብቻ አጥኑ

ከስህተቶች ሁሉ አሳፋሪዎቹ እዚህ ስላሉ ጊዜ ስጡት። ደስ የሚለው ግን አማርኛ ልዩነቱን ራሱ ይነግራችኋል፤ ልብ ብሎ ማዳመጥ ብቻ ነው።

ስቶፕ። አማርኛችሁ «መ…» ብቻ ካለ ኢንግ፣ «ለመ…» ካለ ቱ። «መጨቃጨቅ አቆሙ» ማለት «ዘይ ስቶፕድ አርጊዊንግ» ነው። «ለመሰነባበት ቆሙ» ማለት «ዘይ ስቶፕድ ቱ ሴይ ጉድባይ ቱ ኢች አዘር» ነው። በመጀመሪያው የቆመው ጭቅጭቁ ነው፤ በሁለተኛው የቆሙት ሰዎቹ ናቸው። ጠይቁ፦ የቆመው ምንድን ነው?

ሪሜምበር። «መላኬን አስታውሳለሁ» ስትሉ ነገሩ ተልኳል፣ እናንተ ወደ ኋላ እያያችሁ ነው፤ «አይ ሪሜምበር ሴንዲንግ ኢት»። «መላክ እንዳለብኝ አስታወስኩ» ስትሉ ገና አልተላከም፤ «አይ ሪሜምበርድ ቱ ሴንድ ኢት»፣ ትዝ ብሏችሁ ያን ጊዜ ላካችሁት። በአማርኛው ውስጥ «መላኬን» የምትለዋን «ኤን» ካያችሁ ኢንግ ጻፉ። «መተያየታችንን አስታውሳለሁ» ሲሆንም ያው ነው፦ «አይ ሪሜምበር አስ ሉኪንግ አት ኢች አዘር»።

ፎርጌት። «መቆለፍ ረሳሁ» ማለት በሩ ክፍት ነው፤ «አይ ፎርጎት ቱ ሎክ ዘ ዶር»። «ከእሷ ጋር መገናኘቴን መቼም አልረሳም» ግን ትዝታ ነው፤ «አይል ኔቨር ፎርጌት ሚቲንግ ኸር»።

ትራይ። «ለመነጋገር ሞከሩ» ስንል ነገሩ ከብዷቸዋል፣ ላይሳካም ይችላል፤ «ዘይ ትራይድ ቱ ቶክ»። «እስቲ መነጋገርንም ሞክሩት» ስንል መነጋገሩ አይከብድም፣ መፍትሔ ይሆን እንደሆነ ነው የምናየው፤ «ትራይ ቶኪንግ ቱ ኢች አዘር»። ለተጣሉ ሰዎች ምክር ስትሰጡ የሚያስፈልጋችሁ ይሄኛው ነው።

ሪግሬት በአጭሩ፦ «በመናገሬ ተጸጸትኩ» ኢንግ ነው። በቱ የሚመጣው በመደበኛ ደብዳቤ ላይ መጥፎ ዜና ሲነገር ነው።

ደረጃ 4፦ ከመስተዋድድ በኋላ ኢንግ

ከኢን፣ አት፣ ፎር፣ ዊዝአውት፣ ባይ፣ ቢፎር፣ አፍተር በኋላ ግስ ሲመጣ ኢንግ ይይዛል። «ሳይተያዩ» ማለት «ዊዝአውት ሉኪንግ አት ኢች አዘር»፣ «በመረዳዳት» ማለት «ባይ ሄልፒንግ ኢች አዘር» ነው።

ወጥመዱ ቱ ነው፤ ቱ ሁለት ነውና። አንዱ የግስ ጓደኛ ነው፣ ሌላው እንደ አት እና ኢን ያለ መስተዋድድ ነው። መለያው ይኸውላችሁ፦ ከቱ በኋላ ግሱን አውጡና «ኢት» ክተቱ። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ይባላል፤ ስለዚህ መስተዋድድ ነው፣ ኢንግ ይከተላል፦ «ዊ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲዪንግ ኢች አዘር»። «ዋንት ቱ ኢት» አይባልም፤ ስለዚህ ተራው ቱ ነው። ይህ ፈተና እንደ አግሪ ባሉት ላይ ያታልላችኋል፤ «አግሪ ቱ ኢት» ይባላል፣ ግሱ ግን «አግሪ ቱ ሜክ» ነው፣ «ሜኪንግ» አይደለም።

በተለይ ዩዝድ ቱን ለዩ። «ዊ ዩዝድ ቱ ራይት ቱ ኢች አዘር» ማለት ድሮ እንጻጻፍ ነበር፣ ዛሬ ቀርቷል። «ዊ አር ዩዝድ ቱ ራይቲንግ ቱ ኢች አዘር» ማለት ለምዶብናል፣ ዛሬም አለ። መካከል የገባችው «አር» ትርጉሙን ገልብጣዋለች።

ደረጃ 5፦ መጀመሪያ በሂም፣ ከዚያ በኢች አዘር

ይህ ዘዴ ብዙ ቀይ መስመር ያድናችኋል። ኢች አዘርን ከመጻፋችሁ በፊት በቦታው «ሂም» አስገቡ። «ቶክ ሂም» ይባላል? አይባልም፤ «ቶክ ቱ ሂም» ነው። እንግዲያው «ቶክ ቱ ኢች አዘር»። «ሄልፕ ሂም» ይባላል፤ እንግዲያው «ሄልፕ ኢች አዘር»።

ለምን ይሄ ሁሉ? «ተነጋገሩ»፣ «ተደማመጡ»፣ «ተጠባበቁ» ውስጥ መስተዋድድ ስለማይታየን እንግሊዝኛውም ላይ እንዘላታለን። እንግሊዝኛው ግን ሊስን ቱ ኢች አዘር፣ ዌይት ፎር ኢች አዘር፣ ሉክ አት ኢች አዘር፣ ስማይል አት ኢች አዘር፣ ዲፔንድ ኦን ኢች አዘር ይላል። ያለ መስተዋድድ የሚሄዱት ኖው፣ ሲ፣ ሄልፕ፣ ላቭ፣ ትራስት፣ አንደርስታንድ፣ ብሌም እና የመሳሰሉት ናቸው። መስተዋድዱ ከሁለቱ ቃላት በፊት ይቀመጣል እንጂ መካከላቸው አይገባም፤ «ኢች ቱ አዘር» የሚባል ነገር የለም።

የተነገረው ነገር የአንዱም የሌላውም ንብረት ሲሆን በመጨረሻ ኤስ ይጨመራል፤ ጭረቷ (አፖስትሮፊዋ) ከኤስ በፊት ናት። «አንዱ የሌላውን ስም አያስታውስም» ማለት «ዘይ ዶንት ሪሜምበር ኢች አዘርስ ኔምስ» ነው።

ደረጃ 6፦ ኢንግ ይቅደም ወይስ ኢች አዘር?

እነዚህን ሁለት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፦

«ዘይ ኬፕት ዌይቲንግ ፎር ኢች አዘር»
«ዘይ ኬፕት ኢች አዘር ዌይቲንግ»

በመጀመሪያው ሲጠባበቁ ቆዩ፤ ሁለቱም ጠባቂዎች ናቸው። በሁለተኛው አንዱ ሌላውን እያስጠበቀ አስመረረው፤ ሁለቱም አርፋጆች ናቸው። ቃላቱ ከሞላ ጎደል ያው ናቸው፣ የተለወጠው ወንበሩ ነው። ኢች አዘር ከኢንግ በኋላ ከመጣ ድርጊቱ የሚያርፍበት ነው። ከኢንግ በፊት ከመጣ ደግሞ የኢንጉ ሠሪ ራሱ ነው። አማርኛው ይህን «ተጠባበቁ» እና «ተስጠባበቁ» ብሎ አይለይላችሁም፤ ሁለተኛውን በሐረግ ነው የምንናገረው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ፦ ኢንጉን የሚሠራው ማን ነው?

በሁለተኛው ቅርጽ የሚሄዱ ሌሎች ግሶች ሂር፣ ሲ፣ ካች እና ስቶፕ ናቸው። «ዘይ ኸርድ ኢች አዘር ሲንጊንግ» ማለት አንዱ ሌላው ሲዘፍን ሰማ። «ሲ…» ወይም «ስት…» ብላችሁ የምትጀምሩት አማርኛ ብዙ ጊዜ ወደዚህ ይመራችኋል፤ «ሲረዳዱ አየኋቸው» የሚለውም «አይ ሶው ዘም ሄልፒንግ ኢች አዘር» ይሆናል።

ሄልፕ እዚህ ቤተሰብ ውስጥ የለም። ከ«ሄልፕ ኢች አዘር» በኋላ ግሱ ባዶውን ወይም በቱ ይመጣል፦ «ዘይ ሄልፕድ ኢች አዘር ፊኒሽ ዘ ወርክ»። ፊኒሺንግ ብላችሁ የጻፋችሁትን ዛሬውኑ አርሙ። «ካንት ሄልፕ» ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ ራስን መግታት አለመቻል ማለት ነው፣ ኢንግም ይይዛል፦ «ዘይ ኩድንት ሄልፕ ላፊንግ አት ኢች አዘር»።

ደረጃ 7፦ ባለቤቱን ቁጠሩ

ኢች አዘር ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እኛ ደግሞ «ከእሷ ጋር እንተዋወቃለን» የምንል ሰዎች ነን፤ አንድ ሰው ሆነን በብዙ ቁጥር እንናገራለን፣ ሌላዋን በ«ጋር» እናስገባታለን። ቃል በቃል ሲሄድ «ዊ ኖው ኢች አዘር ዊዝ ኸር» ይወጣል፤ ስህተት ነው። ወይ «ሺ ኤንድ አይ ኖው ኢች አዘር»፣ ወይ «አይ ኖው ኸር»።

ኢንግ ሲገባ ቆጠራው ይረቃል። «አይ ኢንጆይ ቶኪንግ ቱ ኢች አዘር» አይሆንም፤ የሚያወራው «አይ» አንድ ነው። «አይ ሶው ዘም ሄልፒንግ ኢች አዘር» ግን ይሆናል፤ ረጂዎቹ «ዘም» ናቸው፣ «አይ» ተመልካች ነው። የምትቆጥሩት ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ሳይሆን የኢንጉን ሠሪ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ

ሁልጊዜ ኢች አዘር አትጨምሩ። «ተጋቡ»፣ «ተገናኙ»፣ «ተጨቃጨቁ» ስንል እንግሊዝኛው ጎት ሜሪድ፣ ሜት፣ አርጊውድ ብሎ ያበቃል፤ እርስ በርስነቱ ግሱ ውስጥ አለ። «ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ» የሚለውም «ዘይ ኤክስቼንጅድ ፎን ነምበርስ» ነው።

ዘምሰልቭስን ከኢች አዘር አታምታቱ። «ዘይ ብሌምድ ዘምሰልቭስ» ራሳቸውን ወቀሱ ነው፤ «ዘይ ብሌምድ ኢች አዘር» ተወቃቀሱ ነው። አንዱ ጸጸት፣ አንዱ ጠብ።

«ኢች አዘር ለሁለት፣ ዋን አናዘር ከሁለት በላይ» የሚለውን ሕግ ጠይቃችሁኛል። ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች አይጠብቁትም፤ ጊዜያችሁን ለደረጃ 3 ስጡት።

የሆሄ ነገር፦ ኢንግ ሲጨመር ራይት ላይ የመጨረሻዋ ኢ ትወድቃለች፤ ስቶፕ ላይ ፒ ትደገማለች፤ «መዋሸት» ማለት የሆነው «ላይ» የሚባለው ግስ ደግሞ የመጨረሻዎቹን አይ እና ኢ በዋይ ይለውጣል። የቀሩትን መዝገበ ቃላቱ ያሳያችኋል።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- «ዘይ አር ኖዊንግ ኢች አዘር»። ኖው በሂደት ላይ ላለ ድርጊት ኢንግ አይይዝም። «ይተዋወቃሉ» ከሆነ «ዘይ ኖው ኢች አዘር»፤ «እየተዋወቁ ነው» ከሆነ «ዘይ አር ጌቲንግ ቱ ኖው ኢች አዘር»።
- «ሂ ሰጀስትድ አስ ቱ ሄልፕ ኢች አዘር»። ሰጀስት ሰውን እና ቱን አስከትሎ አይሄድም። «ሂ ሰጀስትድ ዛት ዊ ሄልፕ ኢች አዘር» በሉ፤ ማን ማንን እንደሚረዳም ግልጽ ይሆናል።
- «ኢች አዘር ሄልፕድ»። ኢች አዘር የዓረፍተ ነገር ባለቤት አይሆንም፤ ከግስ ወይም ከመስተዋድድ በኋላ ይመጣል።
- «ዊ አቮይድ ቱ ሚት»። በአማርኛ «ላለመገናኘት እንሸሻለን» ስለምንል ቱ እንጨምራለን። አቮይድ ኢንግ ነው፦ «ዊ አቮይድ ሚቲንግ»።
- «ዘይ ቶክድ ኢች አዘር»። የሂም ፈተና ተዘልሏል።

10ሩን ዓረፍተ ነገሮቻችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ደብተሩን ዝጉና በማግስቱ እንግሊዝኛውን ብቻ እያያችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። ትናንት «ተኮራረፍን» ብላችሁ የጀመራችሁት ዛሬ «ቆም ብለን ተጨዋወትን» ሆኖ ከተመለሰ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ። «አወራን» ብቻ ሆኖ ከተመለሰ ኢች አዘር መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ከደረጃ 1 ጀምሩ።